የሮዶደንድሮኑ መርዶ

እኔ ከአምስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ቀጥሎ የምላችሁን ስትሰሙ «ውሸቷን ነው» እንዳትሉ ነው። የአንድ ማኅበር ዌብሳይት አዘጋጅ ነኝ። አዎ፣ እኔ! እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ የሮዶደንድሮን ማኅበር። ሮዶደንድሮን ማለት ዛፍ የሚያክል ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ ሲያብብ ደግሞ በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ አንዳንድ የሙሽራ እቅፍ አበባ ያስቀመጡበት ይመስላል። ስሙን ሳልሳሳት ለመጥራት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። አሁን ግን በእንቅልፌም እጠራዋለሁ፤ ልጄ ሜሮን ምስክር ናት።

እንዴት እዚህ ውስጥ ገባሽ ካላችሁኝ፣ ዝም ማለት ስለማልችል ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ ሰፈር የነበረንን ሱቅ ከዘጋን በኋላ ሚስስ ዶሪን የሚባሉ አሮጊት ቤት ሥራ አገኘሁ። እኔና ሜሮን ጓሮ ባለችው ቤት እንኖራለን። ሚስስ ዶሪን የማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። አባላቱ አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጆሯቸው ይከብዳል፣ የአበባ ነገር ሲነሳ ግን እንደ ኳስ ደጋፊ ይጮኻሉ። ዌብሳይቱን ይሠራ የነበረው ሰው ኒውዚላንድ ሄደ። በስብሰባው ቀን ሻይ ይዤ ስገባ ሚስስ ዶሪን «ማን ይረከባል?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ባዶ ስኒው ውስጥ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል ያቀረቅራል። ትልቅ ሰው ጠይቆ ጉባኤ ሙሉ ሰው ዝም ሲል እንዴት እንደሚያሳፍር ታውቁታላችሁ። እኔ በእነሱ ፈንታ አፈርኩ። «እኔ» አልኩ፣ ትሪውን እንደያዝኩ።

ሐሳቤን ከመቀየሬ በፊት አጨበጨቡልኝ።

ሚስስ ዶሪን ሦስት ከሰዓት አስተማሩኝ። ፎቶ እንዴት እንደሚለጠፍ፣ የአባላት ዜና እንዴት እንደሚጻፍ፣ በመጨረሻ የትኛው ሰማያዊ ቁልፍ እንደሚነካ። ፓስወርዱን በወረቀት ጽፌ መዝሙረ ዳዊቴ ውስጥ ደበቅኩት። ዜናውን መጀመሪያ በአማርኛ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በሱቅ በተማርኩት እንግሊዝኛ እገለብጠዋለሁ፤ ከዚያ አማትቤ ሰማያዊውን ቁልፍ እነካለሁ። ከገጹ ግርጌ ስንት ሰው እንዳየው የሚቆጥር ቁጥር አለ። የመጀመሪያ ዜናዬን ሰባት ሰው አየው። አራቱ እኔ ነበርኩ። ቢሆንስ! ሦስት ሰው አንብቦኛል ብዬ በደስታ ምሳዬን አሳረርኩ።

ጠንቃቃ ሴት ነኝ። ልጅ ያሳደገ ሰው ይገባዋል። የሮዶደንድሮን ቅጠል ከተበላ መርዝ መሆኑን የሰማሁ ቀን፣ በዌብሳይቱ ላይ ባለው ፎቶ ሁሉ ሥር «እባካችሁ አትብሉት» ብዬ በቀይ ጻፍኩ። የማኅበሩ ጸሐፊ ሚስተር ፒት ደወሉልኝ።

«እመቤቴ፣ አርባ ዓመት አብቅለነዋል፤ እስካሁን ማንም አልበላውም።»

«እስካሁን» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «ይሁን፣ ይቀመጥ» አሉ። እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ጠንቃቃ ሴት ናት ይህን ሁሉ ጥፋት ያመጣችው።

በሚስስ ዶሪን ግቢ መሐል ከጣሪያው የሚስተካከል አንድ ትልቅ ሮዶደንድሮን አለ። ሟቹ ባለቤታቸው ሚስተር አርተር በተጋቡበት ዓመት የተከሉት ነው። በየዓመቱ የመጀመሪያው አበባ ሲፈነዳ ሚስስ ዶሪን ሁለት ወንበር ያወጡና ከሥሩ ያስቀምጣሉ፤ በአንዱ ይቀመጣሉ፣ አንዱ ባዶውን ይውላል። እኔ ሻይ የማቀርበው ለሁለት ሰው ነው። ማንም እንዲህ አድርጊ አላለኝም፤ ባዶ ወንበር ፊት አንድ ስኒ ማስቀመጥ እጄ እምቢ ስላለኝ ነው።

በሰኔ ወር ሚስስ ዶሪን ዓይናቸውን ሊታከሙ ደርባን ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ለሁለት ወር ኮምፒውተርም ስልክም እንዳያዩ ከልክሏቸዋል። ሲሄዱ እጄን ይዘው «ዌብሳይቱንም ዛፉንም አደራ» አሉኝ።

አደራ ሲሉኝ እብደት ይጀምረኛል። በቀን ሦስት ጊዜ ዛፉን እጎበኛለሁ። አንድ ቀን ከሥሩ ቀንድ አውጣ አየሁ። እናቴ ጎመኗን ትል እንዳይበላባት ከሥሩ አመድ ትበትን ነበር፤ ጎመኑም እንደ ጃንጥላ ይሰፋ ነበር። እዚህ ሰኔና ሐምሌ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ በየቀኑ ከሰል ስለማነድ አመድ ሞልቶኛል። በተንኩ። ሳምንቱን ሙሉ በተንኩ። ነጭ ምንጣፍ እስኪመስል በተንኩና ውሃ አጠጣሁበት። ኮራሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ቢጫ ሆነ።

ባባ ሲፖን ጠራሁ። ባባ ሲፖ የማኅበሩ አባል ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ችግኝ ጣቢያ የሠሩ የዙሉ ሽማግሌ። ተንበርክከው ከአፈሩ ቆንጥረው በጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት፤ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሃይቦ፣ ሲሲ! አመድ ነው?» አሉ፤ በዙሉኛ «ኧረ እህቴ!» ማለታቸው ነው።

«ትንሽ።»

«ትንሽ?»

«አንድ ሳምንት።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ይህ ተክል የሚወደው ኮምጣጣ አፈር ነው። አመድ ደግሞ የዚያ ተቃራኒ። አንቺ ቀንድ አውጣውን ትተሽ ዛፉን ነው የገደልሽው።»

«ሞተ?»

«ገና ነው። አፈሩን ጠርገን የጥድ ቅጠል እናልብሰዋለን። ከዚያ እናያለን። ለዶሪን ግን ደውለሽ ንገሪያት።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለቴ አልነግራቸውም ማለት ነበር። ዓይናቸውን ታክመው የተኙ ሴት፣ በሰው አገር እንኳ ባይሆን በሰው ቤት፣ በስልክ «ባልዎ የተከሉት ዛፍ እየሞተ ነው፣ የገደልኩትም እኔ ነኝ» ይባላል? ይህን የሚያደርግ ሰው ጤነኛ ነው? ደግሞስ ያችን ጓሮ ቤት፣ ያን አደራ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

ጀፕስታውን ገበያ ብርድ ልብስ የምትሸጠው የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ አልማዝ ዘንድ ሮጥኩ። በመርዶ ጉዳይ ከእሷ የሚበልጥ የለም። አገር ቤት ሰው የሞተበት ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ከአልማዝ አፍ ነው፤ ስልኳ ሲደውል ጤነኛ ሰው እንኳ ይደነግጣል።

«በስልክ? አንቺ አብደሻል!» አለችኝ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጣ። «መጀመሪያ ታሟል ይባላል። ቀጥሎ ትንሽ ከበድ አድርጎታል ይባላል። ሰውየው ልቡ ይጠረጥራል፤ ራሱን ያዘጋጃል። ቤቱ ከገባ በኋላ፣ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ፣ ማለዳ ሰው ሰብስበሽ ትሄጃለሽ።»

«ዛፍ እኮ ነው፣ አልማዝዬ።»

«ባሏ የተከለው አይደል?»

«ነው።»

«እንግዲያው ዛፍ ነው አትበይ።»

«ደግሞ ገና ግማሹ ነው የደረቀው። ለግማሽ መርዶ አለ?»

«የሙሉውን መርዶ ትነግሪያታለሽ፤ ግማሹ ሲተርፍ ደስ ይላታል።» እንዲህ ያለ ጭንቅላት ብርድ ልብስ ሲሸጥበት ያሳዝናል።

ለአባላቱም ቢሆን ድንገት መንገር ደግ አልመሰለኝም። ስለዚህ በዌብሳይቱ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት የአባላት ዜና ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «የሚስስ ዶሪን ትልቁ ሮዶደንድሮን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው።» ማንም አልጠየቀኝም። ሌላ ዜናም አልነበረውም። አማትቤ ለጠፍኩት።

በነጋታው ግርጌ ያለው ቁጥር አርባ ደርሷል! ዓይኔን አሸሁ። አርባ! እኔ ራሴ ያየሁት ስድስት ጊዜ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት «ትንሽ ድካም ቢጤ ይሰማዋል፤ የሚያሳስብ አይደለም» አልኩ። ኢሜይል ይጎርፍ ጀመር። ምን ዓይነት ድካም? ቅጠሉ ተጠቅልሏል ወይስ ወርዷል? አንዱ ፈንገስ ነው አለ፤ ሌላው ውርጭ ነው አለ፤ ሁለት ለሃያ ዓመት የተኳረፉ አባላት ዌብሳይቱ ላይ ሲከራከሩ ታረቁ። በሦስተኛው ሳምንት «ሐኪም አይቶታል፤ ምግብ ግን በደንብ አይወስድም» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሰውዬ ከፕሪቶሪያ የመኪናቸውን ኋላ ሙሉ የጥድ ቅጠል ጭነው መጡ። አንዲት ሴትዮ የዝናብ ውሃ በጀሪካን አመጡ። ቁጥሩ ሦስት መቶ አለፈ!

እውነቱን ልንገራችሁ? በጭንቀት እየከሳሁ፣ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። ጠዋት ስነሳ ወደ ዛፉ ልሂድ ወይስ ወደ ቁጥሩ እግሬ ይምታታበታል። ሜሮን «እማ፣ ራስሽ የገደልሽውን ዛፍ ሕመም እየጻፍሽ ዝነኛ ሆንሽ እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ። «ቅጠሉን ነክተሽ እጅሽን ታጥበሻል?» አልኳት።

በነሐሴ መጨረሻ ግራው በኩል ያለው ሁሉ ደረቀ። በቀኙ ባባ ሲፖ በየቀኑ እንቡጡን እየዳበሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሚስስ ዶሪን ዓርብ ይመለሳሉ ተባለ። አባላት ብቻ በሚያዩት ገጽ ላይ የመጨረሻውን ጻፍኩ፦

«ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሚስስ ዶሪን በር ላይ ተሰብሰቡ። ጥቁር ልበሱ። ደወል አትደውሉ። ድምፅ አታሰሙ። ምግብ ያዙ። አስቀድሞ የሚነግራቸው ሰው እንዳይኖር።» ወደ እንግሊዝኛ ስገለብጠው አሥራ ሁለቱን በፈረንጁ ስድስት ማድረጌን ግን ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ።

ሚስተር ፒት ብቻ መለሱ። «የራሳችንን ወንበር እናምጣ?»

ዓርብ ሚስስ ዶሪን ጥቁር መነጽር አድርገው ገቡ። በአትክልቱ በኩል ያለውን መጋረጃ ሁሉ በመርፌ ቁልፍ ዘግቼ ጠበቅኳቸው።

«ምነው ጨለማ ሆነ?»

«ለዓይንዎ ነው። ብርሃን ይጎዳዋል።»

«ሐኪሙ ብርሃን ጥሩ ነው ብሎኛል።»

«የጆሃንስበርግን ብርሃን አያውቀውም» አልኩ። ትክ ብለው አዩኝና ሾርባቸውን ጠጡ።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ጌታዬ! መንገዱ ዳር ሰው ተሰልፏል። ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ፣ ታጣፊ ወንበር ያነገቱ፣ ሁሉም ጥቁር የለበሱ፣ አንድም ትንፍሽ የሚል የለም። አልማዝ ከፊት ቆማለች፣ ጥቁር ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ። ሚስተር ፒት በፎይል የተሸፈነ ኬክ ይዘዋል። እንዲህ ዓይነት ታዛዥ ለቀስተኛ በሕይወቴ አላየሁም። ኩራት ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ፤ እኔ ጽፌ ነው እኮ የመጡት!

ያልጠበቅኩት ነገር ቢኖር የሰፈሩን ጥበቃ ነው። ጎረቤት በመስኮት አይቶ ደውሏል፤ ጥቁር የለበሱ ሰዎች በጎህ አንዲት አሮጊት ቤት ከበቡ ብሎ። መኪናው እየጮኸ መጣ፤ ሁለት ጠባቂዎች መሣሪያ ደግነው ወረዱ።

«እጅ ወደ ላይ! ማናችሁ?»

አማካይ ዕድሜው ሰባ የሆነ ጉባኤ እጁን አነሳ። ሚስተር ፒት ግን ኬኩን በአንድ እጅ ከፍ አድርገው ያዙ።

«የሮዶደንድሮን ማኅበር ነን» አሉ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዛፍ ታሟል።»

ጠባቂው ይበልጥ ጠረጠረ። እንደ ዕድል ባባ ሲፖ ቀረብ ብለው በዙሉኛ ነገሩት፤ የሟቹን ባል፣ ዛፉን፣ አሮጊቷ ሳያውቁ መተኛታቸውን። ወጣቱ ጠባቂ መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ፣ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። «ሴት አያቴም የሎሚ ዛፍ ነበራት» አለና ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። ጓደኛው መኪናውን እንዲያጠፋ በእጁ ምልክት ሰጠው።

ጩኸቱ ግን ሥራውን ሠርቷል። ሚስስ ዶሪን በሌሊት ልብሳቸው በሩ ላይ ቆመዋል።

አልማዝ ልትናገር ነበር የተዘጋጀችው። በእንግሊዝኛ ሁለት ቀን አጥንታለች። አሮጊቷን ስታይ ግን እንግሊዝኛው ጠፋባት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የአልማዝ ለቅሶ ደግሞ ድንጋይ ያስለቅሳል። ከፕሪቶሪያ የመጡት ሰውዬ መሐረብ አወጡ። ጠባቂው ተከተለ።

የሚስስ ዶሪን ፊት ነጣ። ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል፤ እየቆጠሩን ነው። ማን እንደጎደለ ነው የሚፈልጉት። የማን ስም በአፋቸው እየመጣ ይሆን? ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«ሰው አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ። «የሚስተር አርተር ዛፍ ነው! ግማሹ ሞተ፣ ግማሹን አናውቅም፣ አመድ ያደረግኩበት እኔ ነኝ፣ ለቀንድ አውጣ ብዬ ነው፣ ቤቱን ዛሬውኑ እለቅልዎታለሁ!»

ሚስስ ዶሪን የበሩን መቃን ይዘው ተነፈሱ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለካ እየሳቁ ነው።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«ልጄ በየሳምንቱ ከምሳ በኋላ የአባላት ዜናውን ታነብልኝ ነበር፤ አባላት ብቻ የሚያዩትን የመጨረሻውን ግን አላየችውም። ማንም ሳይጠይቅሽ ደህና ነው ብለሽ ስትጽፊ፣ ያኔ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ቀጣዩን ሳምንት ለመስማት ጓጉቼ ነዋ!» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ቀስ ብሎ ወረደ። የተሰለፉትን አዩ፤ ወንበሩን፣ ኬኩን፣ የአልማዝን ነጠላ። «አርተር ሲሞት በስልክ ነው የነገሩኝ። ሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ ነበርኩ። የዳቦውን ሒሳብ ከፍዬ፣ ብቻዬን ነድቼ መጣሁ። ይህ በር ላይ ማንም አልነበረም።»

ሚስተር ፒት ኬኩን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ።

«በሉ ግቡ» አሉ ሚስስ ዶሪን። «ወንበሮቻችሁንም ይዛችሁ።»

ዛፉ ዙሪያ ተቀመጥን። ሚስስ ዶሪን እስከ ቀትር ስለ ሚስተር አርተር አወሩልን፤ ሚስማር መምታት እንደማይችሉ፣ ሲዘፍኑ ጎረቤት መስኮት እንደሚዘጋ። ሁለቱን ወንበር እንደ እሳቸው ልማድ አውጥቼ ነበር። ሚስስ ዶሪን ባዶውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉና እኔን አዩኝ። አልደፈርኩም። «አሁን ተቀመጪ» አሉ፤ «ጥፋተኛ ቆሞ አይውልም።» ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። ጠባቂዎቹ ሁለት ጊዜ በሬዲዮ ተጠሩ፤ ሁለት ጊዜም «ሁኔታው ገና አልተረጋጋም» ብለው ኬክ ደገሙ።

እንግዶቹ ሲወጡ ሚስስ ዶሪን ሁለት ነገር አዘዙኝ። አንደኛ፣ አመድ የሚባል ነገር ዛፉ አጠገብ እንዳይደርስ። ሁለተኛ፣ የዚህን ሳምንት ዜና በቀጥታ እንድጽፍ። ጻፍኩ፦ «አመዱን የበተንኩት እኔ ነኝ።» ከዚያች አንዲት መስመር ሌላ አልጨመርኩም። ከሁሉም በላይ የተነበበው እሱ ሆነ።

የግራው ቅርንጫፍ ተቆረጠ። ቀኙ በመስከረም አበበ፤ ባባ ሲፖ እንዳሉት ሞት ያየ ተክል አበባውን አይሰስትም። እኔ ግን ፎቶውን ስለጥፍ ቸኩዬ ሰማያዊውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ነካሁትና ፎቶው ሁለቴ ተለጠፈ፤ ዛፉም ዌብሳይቱ ላይ ሙሉ ሆኖ ታየ፤ አንዱ ቀኝ፣ ከጎኑ ሌላ ቀኝ። አላስተካከልኩትም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የሚስተር ፒት ባለቤት ናቸው። በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

«የፒት ነጩ የአዛሊያ ቁጥቋጦ በውርጩ ሞቷል። እሱ ገና አላየውም፤ መጋረጃውን ዘግቼበታለሁ።»

«በመርፌ ቁልፍ?»

«በመርፌ ቁልፍ። ስንት ሰዓት ነው የምትመጡት?»

ደብተሬን ገለጥኩ፣ አማተብኩ፣ መጻፍ ጀመርኩ፦ «የሚስተር ፒት ነጩ አዛሊያ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው።»